የሕክምና ማስጠንቀቂያ ንቅሳት፦ ከመርፌው በፊት የሚታሰበው

ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሐኪም ቢጠይቀው አይመልስም። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የሕክምና ማስጠንቀቂያ አምባር የመጣውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያዋ ተርሎክ ከተማ የአምባሩን ድርጅት ሜዲክ አለርትን የመሠረቱት ሐኪም፣ ልጃቸው ለቴታነስ ፀረ መርዝ ባላት ከባድ አለርጂ ከሞት አፋፍ የተመለሰችላቸው አባት ነበሩ። አምባር ግን ይበጠሳል፤ ገላ ሲታጠቡ ወልቆ ይረሳል፤ ብረቱ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰውም አለ። ስለዚህ ሕመማቸውን ቆዳቸው ላይ የሚያስነቅሱ ሰዎች የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም አምባር ላይ ያለ ስሕተት በሌላ አምባር ይታረማል፤ ንቅሳት ግን ስሕተቱንም ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ቆዳዎ ላይ የሚሰፍረው የማይለወጥ ነገር ብቻ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና አይቸኩሉ። በልጅነትዎ ፔኒሲሊን እንደማይስማማዎ ተነግሮዎት ይሆናል። በአሜሪካ ከመቶ ታካሚ ዐሥሩ ያህል የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ይላል፤ ሲመረመር ግን እውነተኛ አለርጂ ያለበት ከመቶ አንድ አይሞላም። በእርግጥ ከነበረባቸውም መካከል 80 በመቶ ያህሉን ከ10 ዓመት በኋላ ይተዋቸዋል። ይህን ሳያጣሩ ቢነቀሱ፣ ኢንፌክሽን ይዞዎት ሆስፒታል በገቡ ቁጥር የተሻለው መድኃኒት ሳይሰጥዎት ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ይመርመሩ፤ ምርመራው የማይገኝ ከሆነ ፔኒሲሊንን ለአምባሩ ይተዉለት። የሚወስዱት መድኃኒት፣ መጠኑና የቤተሰብ ስልክ ቁጥርም እንዲሁ ናቸው፤ ዛሬ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሊያቆመው ይችላል።

የደም ዓይነት አይለወጥም፤ እሱንም ግን አይነቀሱት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የአቶሚክ ጦርነት ስጋት ባየለበት ጊዜ፣ በኢንዲያና ግዛት ሌክ ካውንቲ የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ የደም ዓይነታቸውን ጎናቸው ላይ ተነቅሰው ነበር። ዛሬ ግን ሐኪም ንቅሳት አይቶ ደም አይሰጥም፤ ናሙና ወስዶ ይመረምራል፣ ጊዜ ከሌለው ኦ ዓይነት ደም ይሰጣል። ለንቅሳት የሚመቹት ዓይነት 1 ስኳር፣ ሄሞፊሊያ፣ በቀዶ ሕክምና የወጣ ጣፊያ፣ ሥራውን ለዘለቄታው ያቆመ የአድሬናል ዕጢ እና የመሳሰሉት ናቸው። የአድሬናሉ በተለይ ሊነቀሱት የሚገባ ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን በቶሎ ካልተሰጠ ይገድላል፣ ሐኪምም ካልተነገረው በቀላሉ የሚጠረጥረው ሕመም አይደለም።

ሕመምዎን ይጻፉ እንጂ ለሐኪም ትእዛዝ አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ዘገባ፣ ማያሚ ውስጥ ራሱን ስቶ የመጣ የ70 ዓመት ሰው ደረቱ ላይ «ከሞት አትመልሱኝ» የሚል ንቅሳት ከነፊርማው ተገኘበት። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሊያከብሩት አልደፈሩም፤ የሥነ ምግባር አማካሪዎች ይከበር ካሉ በኋላ ሕጋዊው ሰነድ ተገኘና ከንቅሳቱ ጋር ገጠመ። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ዘገባ ግን፣ ተመሳሳይ ጽሑፍ የነበረበት የሳን ፍራንሲስኮ ታካሚ የተነቀሰው በቁማር ተሸንፎ ነበር፤ ሲጠየቅ ሁሉም ሕክምና ይደረግልኝ አለ። አንዱ ከልቡ፣ ሌላው በውርርድ፤ ቆዳው ላይ ያለው መልእክት ግን አንድ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ካለዎት በሕጋዊ ሰነድ ያስቀምጡት።

ቦታው የውስጠኛው የእጅ አንጓ ይሁን፤ የደም ምት የሚዳሰሰው እዚያ ነው። ሰዓት የማያስሩበትን እጅ ይምረጡ። ደረት ልብስ ይሸፍነዋል፤ በዚያ ላይ ጠባሳው እያበጠ የሚያድግ ኬሎይድ ያለበት ሰው ደረቱንና ትከሻውን ባያስነካ ይሻላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ ይበዛል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን፤ ቀዩ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው፣ ጠይም ቆዳ ላይም ደምቆ አይታይም። የሕክምና ምልክት የሆነውን እባብ የተጠመጠመበትን በትር ከላይ፣ ከሥሩ ሕመሙን በሁለት ወይም በሦስት ቃላት፣ ያለ ጌጥ። ቀለም በዓመታት ውስጥ ስለሚሰፋ ደቃቅ ፊደል ይደበዝዛል። የእናት ቋንቋዎ አማርኛ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ የኢትዮጵያ ሐኪም የተማረውና ካርድ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው፣ አውሮፓም ሆነ ዱባይ ቢወድቁ አንባቢ አያጡም።

ለንቅሳቱ ምክንያት የሆነው ሕመም ንቅሳቱን ራሱን አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ስኳርዎ ካልተስተካከለ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፤ ጣፊያ የሌለው ሰው ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው፤ ሄሞፊሊያ ያለበት ይደማል። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ለንቅሳት አይቀመጡ። መርፌው ከነማሸጊያው ፊትዎ ይከፈት፤ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪም በመርፌ ይተላለፋሉ። በጋራ መርፌና በጥላሸት የሚነቅስ ሰው ዘመድም ቢሆን እምቢ ይበሉ።

ንቅሳት በዘሌዋውያን 19፥28 ተከልክሏል የሚሉ አሉ። በደጋው አገር መስቀል ግንባራቸው ላይ የተነቀሱ እናቶች መኖራቸውን ማስታወስ ይቻላል፤ ኅሊናዎ ካልፈቀደ ግን አምባሩ ይበቃል፣ ራስዎን አያስገድዱ። ይበልጥ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው፤ የአምቡላንስ ሠራተኛ አምባር እንዲፈልግ ሠልጥኗል፣ ንቅሳትን ግን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። እውነት ነው፤ ለንቅሳት ሁሉም የተስማማበት ደንብ የለም። ስለዚህ ንቅሳቱን አምባሩ የጠፋ ዕለት መጠባበቂያ አድርገው ይያዙት፤ አምባሩንም አይጣሉ። በስልክዎ የድንገተኛ ሕክምና መረጃ ገጽ ላይ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የሚደወልለትን ሰው ያስገቡ፤ ስልኩ ተቆልፎም እንዲነበብ ይፍቀዱለት፤ ሐኪም መድኃኒት በቀየረልዎ ቁጥርም ያስተካክሉት።