የፓተንት ጠበቃው ብዕር

ገላጭ ድርሰት ላላየው ሰው አንድን ነገር በቃላት የሚያሳይ መሆኑን ባለፈው ትምህርት ተመልክተናል። እንዲህ ያለ ድርሰት በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎች መኖራቸውን ግን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁ ይሆናል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ፓተንት ለፈጠራ ሠሪ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ የብቸኛ ባለቤትነት መብት ነው። መብቱ ግን በነጻ አይገኝም፤ ፈጣሪው ምስጢሩን በጽሑፍ መግለጥ አለበት። በሙያው የሠለጠነ ሌላ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ዕቃውን መሥራት ካልቻለ ማመልከቻው ጎደሎ ነው። በመጨረሻም «የእኔ የምለው ከዚህ እስከዚህ ነው» ተብሎ ወሰን የሚከለልበት ክፍል ይመጣል። የፓተንት ጠበቃ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ወሰኑን አለመጠን ካሰፋው ቀድሞ የታወቀውን ይነካና መብቱ ይሻራል፤ ካጠበበው ደግሞ ተፎካካሪ አንዲት ብሎን ለውጦ ያልፈዋል። «ሰሌዳ» እና «የብረት ሰሌዳ» የሚሉትን አስተያዩ። ሁለተኛውን የጻፈ ጠበቃ የመስተዋት ሰሌዳ የሚሠራውን ሰው ሊከለክል ይቸገራል። ቅጽል ስምን ያሳምራል ሲባል ሰምታችኋል፤ በዚህ ሙያ ግን ቅጽል አጥር ነው።

ስለዚህ ሙያው ሳይንስንም ሕግንም ይጠይቃል። አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ሰው ነበር።

ካርልሰን በ1906 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ በሽተኞች ስለ ነበሩ ገና በልጅነቱ ቤተሰቡን ሠርቶ ይረዳ ጀመር። በ1930 በፊዚክስ ተመረቀ፤ ዘመኑ ሥራ የጠፋበት ነበርና 82 ድርጅቶችን ጠይቆ አንዱም አልቀጠረውም። በኋላ ኒውዮርክ በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ሥራ አገኘ፤ ወደ ፓተንት ክፍሉም ተዛወረ። በ1933 ከዚያ ተሰናብቶ፣ ውሎ አድሮ ማሎሪ በተባለ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ገባ። ማታ ማታ ሕግ ይማር ነበር፤ መጻሕፍቱን መግዛት ስላልቻለም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በእጁ ይገለብጣቸው ነበር።

በመሥሪያ ቤቱም ችግሩ ይኸው መገልበጥ ነበር። የፓተንት ጽሑፎች ግልባጭ በተፈለገ ቁጥር እንደገና በጽሕፈት መኪና ይመታሉ፤ ሥዕሎቹም ለፎቶግራፍ ይላካሉ። ዐይኑ ደካማ፣ አካሉም በቁርጥማት የሚሠቃይ ስለ ነበር ካርልሰን ሌላ መንገድ ፈለገ። ጥቅምት 22 ቀን 1938 አስቶሪያ በተባለ ሰፈር በተከራየው ክፍል፣ ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ አሽቶ የኤሌክትሪክ ሙላት ሰጠው። ቀኑና የሰፈሩ ስም የተጻፈበትን መስተዋት በላዩ አድርጎ መብራት አበራበት፤ ዱቄት በተነበት። ጽሑፉ ታየ፤ በሰም ወረቀትም ላይ ታተመ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያ ማመልከቻውን ያስገባው ከዚህ ሙከራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1937 ነው። ይህ የጠበቃ ጥንቃቄ ነው። ዋናው ፓተንት ቁጥር 2,297,691 በ1942 ተሰጠው። ነገር ግን ከ20 የሚበልጡ ኩባንያዎች ሐሳቡን አልቀበልም አሉት። በ1944 የባቴል ምርምር ተቋም ባልደረባ ለሌላ የፓተንት ጉዳይ ወደ ማሎሪ በመጣ ጊዜ ካርልሰን ስለ ፈጠራው አጫወተው፤ በሩ የተከፈተው በዚህ ነው። በ1947 ሃሎይድ የተባለ ኩባንያ ገባበት፤ በኋላ ዜሮክስ የተባለው እሱ ነው። 914 የተሰኘው ማሽን በ1959 ለሕዝብ ታየ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ፓተንት የሚጸናው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ለ17 ዓመት ነበር። ማሽኑ በታየበት በዚያው ዓመት የ1942ቱ መብት አበቃ። ኩባንያው ባዶ እጁን ያልቀረው፣ ማሻሻያዎቹ፣ ለምሳሌ በድኝ ፈንታ ሴሌኒየም መጠቀም፣ በየራሳቸው ፓተንት ተከልለው ስለ ቆዩ ነው።

መልመጃ

፩. «በዚህ ሙያ ግን ቅጽል አጥር ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ከምንባቡ ውጭ የሆነ ምሳሌ ስጡ።

፪. ካርልሰን ማመልከቻውን እስከ 1938ቱ ሙከራ ቢያዘገየው ምን ሊደርስበት ይችል ነበር? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

፫. ጀበናን ወይም ወንፊትን ስሙን ሳትጠሩ ግለጡ። ጽሑፋችሁን ብቻ አንብቦ ጓደኛችሁ ዕቃውን ይሣለው። ሥዕሉ ከዕቃው የተለየበትን ቦታ ፈልጉና ያሳሳተውን ዐረፍተ ነገር አርሙ።