የጾም ዶሮ፣ የበዓል ገበያና የ21 ቀኑ ሒሳብ

የሁዳዴ ጾም ሲገባ የዶሮ ገበያ ይቀዘቅዛል። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ያው ዶሮ ተፈላጊ ሆኖ ይወጣል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫና በደጀን ገበያዎች በጾም ወቅት አውራ ዶሮ ገዝቶ፣ በግቢ አቆይቶ በበዓል ዋዜማ መሸጥ ብዙ ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ነው። አባይን አሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ የሚልክም አለ።

የዚህ ሥራ ትርፍ ግን የሚወሰነው በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ብቻ አይደለም። ከተገዙት ስንቶቹ ለበዓል ደረሱ? ቀድሞ በግቢ የነበሩትስ ምን ሆኑ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከዋጋው እኩል ያከስራሉ ወይም ያተርፋሉ።

ለስሌት ያህል አንድ ሰው በግቢው 20 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉት እንበል። 5 አውራዎችን እያንዳንዳቸውን በ600 ብር ይገዛና በ800 ብር ለመሸጥ ያስባል። ሁሉም ከደረሱለት የምግብ ወጪ ሳይነሳ 1,000 ብር ያተርፋል። አንዱን ሸለምጥማጥ ቢበላበት ከ4ቱ የሚያገኘው ትርፍ 800 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ የተበላው ዶሮ መግዣ 600 ብር ሲቀነስ 200 ብር ብቻ ይቀረዋል። ሁለት ከጠፉበት 600 ብር ይከስራል። ከገዛቸው አንዱ በሽታ ይዞ ገብቶ 20ዎቹን ነባሮች ቢፈጅበት ደግሞ ኪሳራው ከበዓሉ ንግድ አልፎ የዓመት እንቁላሉን ይወስዳል።

አስቀድሞ መለየት

ለሽያጭ የተገዛ አውራ ከነባር ዶሮዎች ጋር የሚቀላቀልበት ምክንያት የለም። ለብቻው ቤት፣ ለብቻው መመገቢያና መጠጫ ሊኖረው ይገባል። እንስት ዶሮ በሌለበት አውራዎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ጠብም ይቀንሳል። ጠዋት ቀድሞ የሚመገበው ነባሩ ነው፤ አዲሶቹ ቀጥለው ይመገባሉ። ተንከባካቢው ከአዲሶቹ ወደ ነባሮቹ የሚመለስ ከሆነ እጁን ይታጠብ፣ ጫማውንም ይለውጥ።

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዋናው ምክንያት ፈንግል ነው። በሽታው የያዘው ዶሮ ምልክት ሳያሳይ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በደንቡ ለዚህ ያስቀመጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ጤነኛ መስሎ የታየ አውራ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ቀን መቁጠሪያው ለዚህ ይመቻል። ከደብረ ዘይት በዓል እስከ ትንሣኤ 28 ቀን ነው። በደብረ ዘይት ሰሞን የተገዛ ዶሮ 21 ቀኑን የሚጨርሰው በሆሳዕና ነው፤ የመጨረሻዋ ሳምንት ለገበያ ትቀራለች። ለገና ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 1፣ ለእንቁጣጣሽ ከሆነ የፍልሰታ ጾም በሚገባበት በነሐሴ 1 መግዛት ይበቃል። ከዚያ ዘግይቶ የገዛ ሰው የገዛውን በቀጥታ ለሽያጭ ያውለው እንጂ ወደ መንጋው አያስገባ።

ርካሽ ዋጋ ሲያጋጥም

በጾም የዋጋ መውረድ የተለመደ ነው። ጾም ሳይሆን በአንድ ገበያ ዶሮ በድንገት በዝቶ ዋጋው ከወረደ ግን ነጋዴውም ደላላውም ቆም ብለው ሊጠይቁ ይገባል። በአንድ ቀበሌ ፈንግል ሲገባ ባለዶሮው ሳይሞትበት ለመሸጥ ይቸኩላል። በዚያ ቀን የተገኘው ርካሽ ዶሮ የሌላውን ሰው ኪሳራ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። ዶሮው ከየት ቀበሌ እንደመጣ ጠይቆ ለገዢው የሚናገር ደላላ ደንበኛውን ያቆያል።

ሲገዙ ዓይኑና አፍንጫው ንጹሕ መሆኑን፣ ሲተነፍስ አፉን አለመክፈቱን፣ ክንፉን አለመጣሉን ይመልከቱ። አረንጓዴ ቅዘን ያለበትን ወይም አንገቱ የሚጠማዘዘውን ይተዉ። በእጅዎ አንስተው የደረቱን አጥንት ይዳስሱ፤ እንደ ቢላዋ ስለታም ከሆነ ሥጋ የለውም። ክንፉን ገልጠው ቅንቅን ይፈልጉ። እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ረጅም መንገድ የመጣ ዶሮም የተጎዳ እግር ወይም ክንፍ እንደሌለው ማረጋገጥ ያሻል።

የፈንግል ክትባት በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ክትባቱ ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ኃይል ለማግኘትም እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ነባሮቹ የሚከተቡት አዲሱ ከመገዛቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑና ከተበረዘ በኋላ ለሌላ ቀን ስለማይቆይ፣ ጥቂት ዶሮ ያላቸው ጎረቤታሞች ተሰባስበው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠሩ ወጪው ይቀንሳል።

ለዘር የሚቀረው አውራ

ከተገዙት መካከል ጥሩ ሰውነት ያለውን ለመንጋው ማስቀረት የተለመደ ነው። ገበያው ቀይና ገብስማ ላባን ስለሚወድ ምርጫው በዚያው ይሄዳል። ለ10 እንስት አንድ አውራ ይበቃል። አውራው ከሌላ ቀበሌ የመጣ ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ ግቢ የተወለዱ ዶሮዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ሲዳቀሉ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ቁጥርና ጥንካሬ ይቀንሳል። ጎጃም ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የትሊሊ ዶሮ በአገር በቀል ዶሮዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በስሙ ከተመዘገቡት አንዱ ነው።

21 ቀኑን የጨረሰ አውራ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። መጀመሪያ ነባሮቹ በሚያዩት ቦታ በሽቦ ወይም በቀርከሃ ተከልሎ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ይተያያሉ፣ ግን አይነካኩም። ቀጥሎ ምሽት ላይ፣ ነባሮቹ ቆጥ ከወጡ በኋላ በእጅ ተይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። በማግስቱ ማለዳ ባለቤቱ መገኘት አለበት። ጥሬውና ውሃው በሁለትና በሦስት ቦታ ተበትኖ ይቀርባል፤ በአንድ ቦታ ከሆነ ደካማው ይራባል። መጎናተል ይኖራል። ደም ከታየ ግን የቆሰለው ወዲያው ይወጣ፤ ዶሮ ደም ያየበትን ቦታ ደጋግሞ ይወጋልና። እንስቶቹ ከ10 ካልበለጡ አሮጌው አውራ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ቢሸጥ ይሻላል።

ጠቡና አውሬው

ብዙ ሰው አውሬን ከጠብ ለይቶ ያያል። ሁለቱ ግን ይያያዛሉ። አዲስ አውራ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ቤቱን አያውቅም። በነባሩ ከቆጥ ከተባረረ ደግሞ አጥር ላይ ወይም ባሕር ዛፍ ላይ ያድራል። ሸለምጥማጥ ዛፍ ይወጣል፤ ዶሮ በጨለማ ስለማያይ አይሸሽም። ጠዋት ላባው ብቻ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ምሽት ዶሮዎቹን መቁጠር ከማንኛውም ሽቦ የሚበልጥ ጥበቃ ነው።

ጭልፊት በቀን ይመጣል፤ ዋና ጉዳቱም በጫጩት ላይ ነው። ለእርሱ ጫጩቶች የሚጠለሉበት ቁጥቋጦ ወይም ዳስ በግቢው ቢኖር ይጠቅማል። ቀበሮ ማለዳና ምሽት ያደፍጣል። ሸለምጥማጥ፣ የዱር ድመትና አነር የሌሊት ናቸው። በክረምት ሣሩና በቆሎው አድጎ እስከ አጥሩ ሲደርስ መደበቂያ ያገኛሉ፤ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ማጨድ ወጪ የለውም።

በገጠር ዶሮው ሰው በሚያድርበት ቤት ቆጥ ላይ ስለሚያድር የሌሊቱ አውሬ ብዙም አይደርስበትም። በከተማ ለብቻው ቤት ሲሠራለት ግን በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው ክፍተት የአውሬ በር ይሆናል። ክፍተቱ ቀዳዳው ጣት በማያስገባ ሽቦ ይዘጋ። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ የአውሬን መዳፍ አያግድም፤ ቆጡም ከሽቦው አንድ ክንድ ይራቅ። በግድግዳው ሥር ሽቦው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ቢቀበር ቆፋሪውን ያቆማል። በሩ ከመጨለሙ በፊት ይዘጋ። መርዝ ማስቀመጥ ግን የጎረቤትን ውሻና አሞራን ይገድላል እንጂ ችግሩን አይፈታም።

ካለፈው የሚገኝ ትምህርት

ቀደም ባሉት ዓመታት መንግሥት በማርቢያ ጣቢያዎች ከ15 እስከ 20 ሳምንት ያሳደጋቸውን የውጭ ዝርያ ወጣት አውራዎች ለገበሬው እየሰጠ የአገሬውን አውራ በለውጥ ይወስድ ነበር። ሐሳቡ ዘር ማሻሻል ነበር። ገበሬው ግን የራሱን አውራ ለመልቀቅ አልወደደም፤ የመጣውም በጥሬና በጥበቃ ያደገ ስለነበር ጭሮ መብላትንና ከአውሬ መሸሽን አልቻለበትም። ውጤቱ ከታሰበው በታች ሆነ። ዛሬም ሳሶ ወይም ሌላ የውጭ ዝርያ ገዝቶ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ የሚለቅ ሰው ያንኑ ይደግመዋል።

በጾም ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ እንግዲህ ገንዘቡን ይዞ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ያዘጋጅ፤ የተለየ ቤት፣ የተከተቡ ነባር ዶሮዎችና 21 ቀን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ርካሹን ዶሮ ለሌላ ቢተወው ይሻለዋል።