የሕመም ባለቤት

ደራሲ አብዱራህማን ዋቤሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በጅቡቲ ከተማ ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በሶማልኛ ሲሆን፣ የሚጽፉት ግን በትምህርት ቤት በተማሩት ፈረንሳይኛ ነው። በ2019 ያሳተሙት ልብ ወለድ ርእስ «ስትራመድ ለምን ትጨፍራለህ?» እንደ ማለት ነው። ጠያቂዋ በፓሪስ የምትኖር ሕፃን ናት፤ ተጠያቂው በልጅነቱ በጅቡቲ ሳለ በፖሊዮ ተይዞ እግሩ የተጎዳ አባቷ ነው። ሕፃኒቱ «ማንከስ» የሚለውን ቃል ትታ «መጨፈር» አለችው። አባትየውም ታሪኩን ይተርክላት ጀመር።

በአማርኛ «እግሬን አመመኝ» ሲባል አድራጊው ሕመሙ ነው፤ ታማሚው በ«ኝ» የተመለከተ ተሳቢ ነው። «ጠዘጠዘኝ»፣ «ወጋኝ»፣ «ቆረጠመኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ሶማልኛም ከዚህ አይርቅም። ፈረንሳይኛ ግን ታማሚውን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ፣ «በእግሬ ሕመም አለኝ» እንደ ማለት ያናግረዋል። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እንግዲህ ባለቤትነቱን ከአባትየው ወስዶ ለሕመሙ መስጠት ሊኖርበት ነው።