አውቶቡሶች ለምን ተከታትለው ይመጣሉ? የአስኮ ሰልፍ በሒሳብ ዓይን

ከአስኮ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ተማሪ አውቶቡስ ለረጅም ጊዜ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ተከታትለው ሲደርሱ ማየቱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ይህን የምናሳብበው በአሽከርካሪዎች ቸልተኝነት ነው። ይሁን እንጂ ማንም ሳያጠፋ ይህ ሊደርስ እንደሚችል ቀላል ስሌት ያሳየናል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ መስመር በሰዓት 6 አውቶቡሶች ይመጣሉ እንበል። በየ10 ደቂቃው ቢደርሱ፣ ባጋጣሚ ሰዓት ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይምጡ፤ ክፍተቶቹ 18 እና 2 ደቂቃ እየተፈራረቁ ማለት ነው። የአውቶቡሱ ቁጥር አልቀነሰም፣ የክፍተቱ አማካይም ያው 10 ነው። ነገር ግን ከ20 ደቂቃ ውስጥ 18ቱ የረጅሙ ክፍተት ስለሆኑ፣ ከ10 ተሳፋሪዎች 9ኙ እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። እነዚህ በአማካይ 9 ደቂቃ፣ ዕድለኛው አንዱ 1 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ድምሩ ሲካፈል 8.2 ደቂቃ ይሆናል።

ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ ይህን ወደ ሰልፍ ርዝመት ይለውጥልናል፦ በሰልፉ ያለው አማካይ የሰው ብዛት በደቂቃ ከሚመጡት ሰዎች ቁጥርና ከአማካይ የጥበቃ ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። በደቂቃ 4 ሰው ቢመጣና አውቶቡሱ ሁሉንም ቢይዝ፣ የ20 ሰው ሰልፍ ወደ 33 ያድጋል።

ጥንዶቹ ከየት መጡ? ጎርደን ኒውዌልና ረንፍሪ ፖትስ በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ነገሩ የሚጀምረው ከጥቂት መዘግየት ነው። በየፌርማታው በደቂቃ 1 ሰው ይመጣል፣ ለመሳፈርም 6 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። 1 ደቂቃ የዘገየ አውቶቡስ አንድ ተጨማሪ ሰው ያገኛል፤ ስለዚህ 6 ሰከንድ ይጨምርበታል። መዘግየቱ በየፌርማታው በ1.1 ይባዛል፤ ከ10 ፌርማታ በኋላ 2.6 ደቂቃ ያህል ደርሷል። የኋላው አውቶቡስ በተቃራኒው ጥቂት ሰው ስለሚጠብቀው ይፈጥናል፣ ይደርስበታልም። ውስብስብ ሥርዓት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ችግሩ የሚወለደው ከግንኙነታቸው ነው። (የሚኒባስ ታክሲ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ የሚነሣው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነውና።)

መፍትሔው ሁልጊዜ ተጨማሪ አውቶቡስ መግዛት አይደለም። የመስመሩ መነሻ በሆነው አስኮ ላይ ሁለተኛውን አውቶቡስ 8 ደቂቃ ብናቆየው፣ ክፍተቶቹ 10 እና 10 ይሆናሉ፤ አማካዩ ጥበቃም ወደ 5 ይመለሳል። በመንገድ መካከል ማቆየት ውስጥ ያሉትን ተሳፋሪዎች ያስመርራል፤ መነሻ ላይ ግን የሚጎዳው እጅግ ጥቂት ነው። አስቸጋሪው ነገር፣ ሰልፉ ረዝሞ ሳለ ባዶ አውቶቡስ ቆሞ ማየት ለተሰላፊው ግፍ መስሎ መታየቱ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ጫና መቋቋም አለበት፤ ያለ ማብራሪያ ደግሞ አይችልም ብለን እናምናለን።

በእውነተኛው መንገድ ላይ ግን ፌርማታዎቹ አይመሳሰሉም፤ ዝናብ ይጥላል፣ ከአምቦ አቅጣጫ የሚገቡ መኪናዎችም መንገዱን ይጋራሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀመር መጠቅለል ስለማይቻል ኮምፒዩተር ያስፈልገናል። ለእያንዳንዱ ጉዞ የዘፈቀደ ቁጥሮች እየሰጠን 1000 ቀናትን በምናብ እናስኬዳለን። 3 ደቂቃ ማቆየት ይሻላል ወይስ 8? ይህን ተሳፋሪውን ሳናጉላላ አስቀድመን ማነጻጸር እንችላለን።

አንባቢያችን ራሱ ሊሞክረው ይችላል። ሰዓትና ደብተር ይዞ የ40 አውቶቡሶችን መድረሻ ጊዜ ይመዝግብ፣ የክፍተቶቹንም አማካይና ቫሪያንስ ያስላ። አማካዩን በራሱ አባዝቶ ቫሪያንሱን ይደምርበትና በአማካዩ እጥፍ ያካፍል። በእኛ ምሳሌ አማካዩ 10፣ ቫሪያንሱ 64 ነበር፤ 164 ለ20 ሲካፈል 8.2።