ለትንሿ ቶርኖ የቱ ማቀዝቀዣ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። በቤቴ ባለችው ትንሽ ቶርኖ የምጠቀምበት፣ ከውሃ ጋር የሚበጠበጠው የማቀዝቀዣ ዘይት ቶሎ ይሸታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የይፋት ቆላ ሙቀት ውሃውን ያተናል፣ ባክቴሪያውንም ያራባል። ማሽኑ ሲቆም ከማሽኑ የተንጠባጠበው ዘይት ላዩን ሸፍኖ አየር ይከለክላል፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ያኔ ነው። የተንሳፈፈውን ይግፈፉ፤ ሥራ ባይኖርም ፓምፑን ያዙሩት። የሸተተውን በአዲስ ከመደለል ገንዳውን ማጠብ ይሻላል፤ ብቻ ወደ ሮቢ ወንዝ ወይም ወደ መስኖ ቦይ እንዳይደፉት አደራ! ሲበጠብጡ ዘይቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ፤ ለ19 ሊትር ውሃ 1 ሊትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ውሃው ሲተን ድብልቁ ስለሚወፍር፣ የጎደለውን በቀጭን ድብልቅ ይሙሉ።

አልፎ አልፎ ብቻ ከሠሩ ግን ገንዳውን ትተው የመቁረጫ ዘይት በብሩሽ ቢቀቡ እመርጣለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆዳን ስለሚጎዳ በፍጹም አይጠቀሙ።