ሳሉ ከየት መጣ?

ልጁ በአንድ ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ ሞተ። ሞቶም ተነሣ። ሴኪሮ እንዲህ ያለ ጌም ነው፦ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ተጫዋቹን አንድ እጁ የተቆረጠ ተዋጊ አድርጎ ወደ 16ኛው መቶ ዘመን ጃፓን የሚወስድ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ሁሉ ለምንድን ነው የሚያስሉት?»

አጎቱ ወንበር ሳቡ። ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ «ጌም በዚህ ዕድሜ?» ሲባሉ የሚስቁ ሰው ናቸው።

«ስንቴ ሞትክ?»

«አሥራ አንዴ።»

«እንግዲያው ያሳመምካቸው አንተ ነህ።»

ልጁ ዞር አለ። አጎቱም አስረዱት። ተዋጊው ሞቶ የሚነሣው ኩሮ በሚባል ልጅ ደም ኃይል ነው፤ የሚነሣበት ጉልበት ግን ከሌሎች ሕይወት ይቀነሳል። ደጋግሞ ሲሞት የሚያውቃቸውን ሰዎች የዘንዶ ደዌ የሚባል የሳል በሽታ ይይዛቸዋል፣ ታሪካቸውም ባለበት ይቆማል። ሲሞት ገንዘቡን ሳያጣ የሚተርፍበት ዕድል እንኳ ከ30 በመቶ እያነሰ ይሄዳል።

«ታዲያ ይሞታሉ?»

«አይሞቱም፤ መድኃኒትም አለው። እዚህ ላይ ሠሪዎቹ ትንሽ ፈርተዋል ባይ ነኝ። ግን ብልሃቱን ተመልከት። በሌላው ጌም ሞተህ እንደገና ስትጀምር ማንም አይጠይቅህም። እነዚህ ያንኑ ልማድ ወስደው ዕዳ አደረጉት።»

«ይህን መጀመሪያ ያሰቡት እነሱ ናቸው?»

«ኧረ ቆይ!» አሉ አጎቱ፤ የሚወዱት ርዕስ ተነካ። በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ብላክ አይል ስቱዲዮስ የሠራው ፕሌንስኬፕ ቶርመንት የተባለ ጌም ወጣ። ባለታሪኩ ስም የለውም። ሬሳ ቤት ውስጥ ይነቃል፤ ማን እንደሆነ አያውቅም። በፊት፣ እጅግ በፊት፣ ከባድ ግፍ ሠርቶ ነበር፤ ለመካስ አንድ ዕድሜ እንደማይበቃው ሲገባው ራቬል ወደምትባል ጠንቋይ ሄዶ ሞቱን ከእሱ እንድትለይለት ለመናት። ለየችለት። ከዚያ ወዲህ ሞቶ በተነሣ ቁጥር ትዝታው ይጠፋል፤ በእሱ ፈንታም የማያውቀው ሌላ ሰው ይሞታል። ሟቾቹ ጥላ ሆነው ያሳድዱታል።

«ሊክስ የፈለገውን በደልስ?»

«ረሳው እንጂ! ረስቶም ሌላ በደል ጨመረበት።»

ልጁ ዝም አለ። «አያቴ የንጉሡን የእስክንድርን ታሪክ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የሕይወት ውሃ ፍለጋ የሄደውን።»

«በግእዙ ዜና እስክንድር ንጉሡ ተመኝቶ የቀረበትን ውሃ የደረቀ ዓሣ ሊያጥብ የወረደ ሰው አገኘው። የድሮው ተረት ማን ያገኘዋል ብሎ ይጨነቃል። የእነዚህ ጌሞች ጥያቄ ከተገኘ በኋላ ነው የሚጀምረው።»

«ኩሮስ ምን ይላል?»

«ጦረኛው ጌኒቺሮ የኩሮን ደም አገሩን አሺናን ለማዳን ይፈልገዋል። ኩሮ ግን ይህ ያለመሞት ኃይል ከእኔ ጋር ይቋረጥ ይላል። የቀረውን ተጫውተህ ድረስበት።»

ልጁ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። በፈረሰው መቅደስ ውስጥ ምስል የሚቀርጸው ሽማግሌ ሲያስል ሰማ፣ አልፎትም ወጣ። ድልድዩ ላይ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ አጎቱ ከኋላው ጉሮሯቸውን ይዘው ሳል ሳሉ፤ ልጁ መቆጣጠሪያውን ጥሎ በሳቅ ፈረሰ።