ጀጎል የከለከለውና ያልከለከለው

ስለ ሐረር ሲነሣ ብዙዎቻችን የጀጎልን ግንብ እናስባለን፤ ነገር ግን ግንቡ ለምን እንደ ተሠራና የተሠራለትን ጉዳይ ምን ያህል እንደ ፈጸመ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ አንሰማም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ልንመረምር አስበናል፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 በጦር ሜዳ ከወደቁ በኋላ የሐረር ኃይል እጅግ ደከመ። ከዚያ በኋላ ሥልጣን የያዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገድለው ድል አደረጉ፤ ሆኖም በዚያው ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ወደ ከተማይቱ አካባቢ ደርሶ ነበርና የሜዳው ድል ለቤት መጠበቂያ አልበቃም። ስለዚህ ከተማይቱን በድንጋይ ግንብ ማሳጠራቸው ይነገራል።

የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ እነርሱም ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። በግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ በሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ።

እንግዲህ ግንቡ ጦርን ቢከለክልም ረኃብን አልከለከለም። እርሻው ያለው ከግንቡ ውጭ ነውና አገሩ በተራበ ጊዜ ከተማይቱም ተራበች፤ አሚር ኑር ራሳቸው ረኃቡን ተከትሎ በመጣው ወረርሽኝ በ1567 ገደማ አረፉ። ኋላም ከተማይቱ የኖረችው በሮቿን በመክፈት ነው። በ1855 የጐበኛት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፥ ማታ በሮቹ ተዘግተው ቁልፎቹ ለአሚሩ ይሰጡ ነበር፤ ቀን ግን ገበሬው እህሉን፥ ነጋዴው ሸቀጡን ይዞ ይገባባቸዋል። ይህም ማለት ከተማይቱን ትመግብ የነበረችው ያው የምትፈራት ገጠር ናት።

የመጨረሻውም ዕድል የተወሰነው በግንቡ ላይ አይደለም። በ1875 ግብጾች የገቡት አሚሩ ስለ ተገዙላቸው ነው፤ በ1887 ደግሞ ነገሩ የተቈረጠው ከከተማይቱ ርቆ በጨለንቆ ሜዳ ላይ ነበር።

ዩኔስኮ በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ይህም የሚያስደስተን ነው። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ድንጋዩን ብቻ አድንቀን ማለፍ አይገባንም። ከግንቡ ይልቅ በሮቹን ብናጠና፥ ሐረር ለምን ሳትጠፋ እንደ ኖረች ይበልጥ ይገባናል።